ፊደል የጫኑ ፈረሶች

ኦቦ ወዚርን ያወቅኋቸው በ1957 ዓ.ም. ነው። ጎባ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ፣ አግብቼ፣ የመጀመሪያ ልጄን ጫሊን አዝዬ ሮቤ ስንገባ ከባለቤቴ ጋር የተከራየናት ክፍል ከእሳቸው ሱቅ ጀርባ ነበረች። ኮርቻ ሠሪ ናቸው። በራቸው ላይ የገብስ ጭድ የተጠቀጠቀበት ጆንያ አለ፤ እሱ ላይ ተቀምጠው ወስፌያቸውን ይዘው ይውላሉ። ዕድሜ ልካቸውን ጠፍር ሲስቡ ሁለት ጣቶቻቸው ተጣመው ቀርተዋል።

እኔ ያኔ የትምህርት ማስረጃዬን በፍሬም አድርጌ ግድግዳ ላይ ሰቅያለሁ። የተማረ ሰው ማለት እኔ ነኝ ብዬ ነበር፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ኦቦ ወዚር ቤት ለመባረክ የገቡ ቀን ወረቀቱ ሥር ቆመው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ኮርቻ ሠሪ ያነባል ብዬ አልጠበቅኩም።

«ሽቶ፣ ይሄ ወረቀት ምን ይሠራል?» አሉኝ ስሜን ጠርተው።

«መማሬን ይመሰክራል፣ ኦቦ።»

«እንዴ! አንቺ ራስሽ አትመሰክሪም?»

ሳቁ።

ማንበብ የት እንደተማሩ ስጠይቃቸው ወዲያው አልነገሩኝም። አንድ ቀን ጠፍር እያለሰለሱ ጀመሩት። አባታቸው ጎባ ተጠርተው ሄደው፣ የግብር ደረሰኝ ነው የተባሉት ወረቀት ላይ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ተጫኑ። ወረቀቱ ግን የግጦሽ መሬታቸውን ለሌላ ሰው በፈቃዳቸው እንደለቀቁ የሚናገር ሆኖ ተገኘ። «አባቴ እስኪሞት ድረስ ያን ጣቱን ያያት ነበር» አሉኝ። «እህል ሲበላ እንኳ አጥፎ ይደብቃታል።»

ከዚያ በኋላ አንድ የጎጃም ልጅ የሆነ ወታደር ኮርቻ ሊያሠራ መጣ። የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሰ ነው። ኦቦ ወዚር ገንዘቡን አልቀበልም፣ ፊደል ስጠኝና ኮርቻ ውሰድ አሉት። ኮርቻው እስኪያልቅ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ወታደሩ በየቀኑ እየመጣ አመድ ላይ በእንጨት ይጽፍላቸዋል፤ እሳቸው እየሰፉ ይደግማሉ። «እሱ ኮርቻውን ይዞ ሄደ፣ እኔ ፊደሌን ይዤ ቀረሁ። ከሁለታችን የከሰረው ማነው እያልኩ ይኸው እስከ ዛሬ እፈልጋለሁ፤ ወላሂ አላገኘሁትም።»

የቀረውን በራሳቸው ተማሩ። ስኳር የተጠቀለለበት አሮጌ ጋዜጣ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለ ጽሑፍ፣ የጨው ጆንያ፣ ምንም አይቀራቸውም። ሱቁን የሚጎበኝ ሁሉ ወረቀት ያመጣላቸዋል። እኔ አሥር ዓመት ትምህርት ቤት ተመላልሼ ያላሰብኩትን እሳቸው ከስኳር መጠቅለያ አግኝተው አስበውታል።

በገበያ ቀን አንድ ጊዜ ከከተማው በላይ ካለው ጉብታ ላይ ይዘውኝ ወጡ። ልጄ ጀርባዬ ላይ ተኝቷል። ሥር የሮቤ ገበያ ይታያል፤ ከደጋው የወረደ ገብስ፣ የሳነቴን ተራራ ተሻግሮ ከሃረና ጫካ የመጣ ቡና፣ ቅቤ፣ ጨው፣ በጎች፣ ያ ሁሉ ፈረስ።

«ያን ቡና ዛሬ ሮቤ ድረስ ና ብሎ ያዘዘው ማነው?» አሉኝ።

«አስተዳደሩ?»

«አስተዳደሩ ጎባ ተኝቷል።»

«ታዲያ ነጋዴዎቹ ተስማምተው ይሆናላ።»

«የሃረናው ሰውዬ የዲንሾን ሰውዬ አያውቀውም። ቋንቋው አንድ ነው እንጂ ፊቱን አይቶት አያውቅም። ግን እይ! ማንም አልጠራቸውም፣ ማንም አልደለደላቸውም። ማታ ሁሉም ጠዋት ያልነበረውን ይዞ ቤቱ ይገባል። ሱብሐነላህ፣ አርባ ዓመት አይቼዋለሁ፤ አሁንም እንደ አዲስ ነው የሚገርመኝ።»

እኔም አየሁ። ስንት ጊዜ የተመላለስኩበትን ገበያ ያን ቀን ገና ማየቴ ነበር።

«መንግሥት አያስፈልግም ነው የሚሉኝ?» አልኳቸው።

«ኧረ ያስፈልጋል! ሽፍታ ያባርርልኝ፣ ሁለት ሰው ሲጣላ ይፍረድ። ከዚያ ወዲያ ቤቴ ገብቶ ወጤን ባያማስልልኝ ደስ ይለኛል።»

በራቸው ላይ ያስተምሩ ነበር። ኮርቻ ሊያስጠግን የመጣ፣ ቅቤዋን ሸጣ የምትመለስ፣ ማንም ይቀመጣል። ፊደሉን በኦሮምኛ ቃል ነው የሚያስይዙት፤ «ገ» ሲሉ ገርቡ፣ ገብስ፤ «ፈ» ሲሉ ፈርዳ፣ ፈረስ። ክፍያው አንድ ነው፤ ያወቅከውን ረድፍ ለሌላ አንድ ሰው ሳታስይዝ የሚቀጥለውን አታገኝም። ቅቤ ሻጯ ሞሚና ባሏን አስይዛ ስትመጣ፣ «ኦቦ፣ ድንጋይ ባስተምር ይሻለኝ ነበር!» ብላ ሱቁን በሳቅ ሞላችው።

ወሬው ጎባ ደረሰ። ኦቦ ወዚር ተጠርተው ሄዱ፤ ያለ ፈቃድ ማስተማር ክልክል ነው፣ ሰው መሰብሰብ ከቀጠሉ መሣሪያቸው ተወርሶ ሱቁ ይታሸጋል ተባሉ። ሲመለሱ ፊታቸው አመድ መስሏል። ያ ወስፌ ባለቤታቸውንና አምስት ልጆቻቸውን የሚያበላ ነው።

«ፈቃዱን ለምን አይጠይቁም?» አልኳቸው። ማመልከቻ ልጽፍላቸው ብዕር ሁሉ አውጥቻለሁ።

«ሽቶ፣ ይህን ሕፃን አፉን እንዲፈታ ማን ፈቀደልሽ?»

ብዕሬን አስቀመጥኩ። እሳቸው ግን ለልጆቻቸው እንጀራ ሲሉ በራቸው ላይ ማስተማሩን አቆሙ። ጆንያው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ሲሰፉ ማየት ከብዶኝ ሰነበተ።

ነገሩን የለወጠው ፈረስ ነጋዴው ጉርሜሳ ነው። የ«በ»ን ረድፍ ጀምሮ ሳይጨርስ ነበር የተዘጋበት። «እኔ ኮርቻ እገዛለሁ» አላቸው፤ «የገዛሁት ኮርቻ ላይ አበባ ያድርጉልኝ ብል ያደርጉልኛል። አበባ አልፈልግም፤ ‹በ›ን ያድርጉልኝ።» ኦቦ ወዚር ብዙ አሰቡ። ከዚያ ብረት አግለው፣ ከእርካቡ በላይ ባለው ሰፊ ቆዳ ላይ ሰባቱን ፊደል ተኮሱለት። ጉርሜሳ እየጋለበ ወደ ታች እያየ ሲያነብ ሁለት ጊዜ አጥር ውስጥ ገብቷል።

ከዚያ ሁሉም ረድፉን ይዞ መጣ። አንዱ «ለ»፣ አንዱ «ተ»። ጉርሜሳ ደግሞ አመሉ ነውና ፈረሱን ከነኮርቻው ለአንድ የሃረና ሰው ለውጦ አረፈው። በሦስተኛው ቀን እየተክለፈለፈ መጣ።

«ኦቦ፣ ፊደሌ ሃረና ወረደ!»

«ፈረሱን ስትለውጥ ፊደልህን አልያዝክም ነበር?»

«አራቱን ይዣለሁ። ሦስቱ ፈረሱ ላይ ቀሩ።»

ሰፈሩ አንድ ሳምንት ሳቀበት። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን አሊዪ የሚባል ቡና ነጋዴ ከሃረና ጫካ ወጥቶ የኦቦ ወዚርን ሱቅ እየጠየቀ መጣ። ጉርሜሳ የለወጠውን ያን ፈረስ ይዞ ነው። ቆዳውን በጣቱ እየነካ «በ፣ ቡ፣ ቢ...» ብሎ እስከ መጨረሻው አለው። ማን እንዳስያዘው ስንጠይቅ፣ መንገድ ላይ ያገኘሁት የጎሮ ሰው ነው አለን። ያን የጎሮ ሰው ማናችንም አናውቀውም። አሊዪ የመጣው የሚቀጥለውን ረድፍ ፈልጎ ነው። ኦቦ ወዚር ወስፌውን አስቀምጠው ረጅም ጊዜ አዩት። ያን ጉብታ፣ ማንም ያልጠራውን ገበያ አስታወስኩ።

በቀጣዩ የገበያ ቀን ፈረሶቹ በሚታሰሩበት ሜዳ ፊደሉ ከሞላ ጎደል ቆሞ ነበር፤ አንዱ ረድፍ ገብስ ተራ፣ አንዱ ጨው ተራ፣ አንዱ ሣር እየጋጠ። ሰው የጎደለውን ፍለጋ ከፈረስ ወደ ፈረስ ይዞራል። ይህን በዓይኔ ባላይ ማንም ቢነግረኝ አላምንም ነበር።

ከጎባ የመጣ የአስተዳደሩ ጸሐፊም አየው። ከአንድ ፖሊስ ጋር በቀጥታ ወደ ኦቦ ወዚር ሱቅ ሄደ።

«ክልክል ነው አልተባልክም?»

«ኮርቻ መሸጥ አልተከለከልኩም፣ ጌታዬ።»

«ይሄን ሁሉ ትፍቃለህ!»

«ሸጫቸዋለሁ። የእኔ አይደሉም። የሰው ንብረት ላይ እጄን አላነሳም።»

ጸሐፊው ተናዶ ወረቀት አወጣ፤ ጣት የሚነከርበትን የቀለም ሳጥን ከፍቶ ጆንያው ላይ አኖረ። ወዚር የተባለው ሰዎችን ገበያ መካከል ሰብስቦ ሲያስተምር ተገኝቷል ብሎ ጻፈ። ሦስት ምስክር በጣቱ ከተጫነ ሱቁ በዚያው ሰዓት ይታሸጋል። ኦቦ ወዚር የቀለሙን ሳጥን ብቻ ነበር የሚያዩት።

«አንቺ፣ ነይ ተጫኚ» አላት ሞሚናን።

ሞሚና እጇን በነጠላዋ ጠረገች። «መጀመሪያ ላንብበው።» አንገቷን አስግጋ፣ በጣቷ እየተከተለች፣ «ሰ... ዎ... ችን... ሰብ... ስቦ...» አለች። ቀና አለች። «ማነው የሰበሰበው? እኔን የሰበሰበኝ ቅቤዬ ነው!»

«እኔን የሰበሰበችኝ ሚስቴ ናት» አለ ጉርሜሳ፤ «ጨው ሳትይዝ እንዳትመጣ ብላ። እሷን ይክሰሱልን።»

ገበያተኛው በሳቅ ፈነዳ። ጸሐፊው ወደ አሊዪ ዞረ፤ ከጫካ የመጣ ነውና እምቢ አይለኝም ብሎ ይሆናል። አሊዪ ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀብሎ ብዙ አየው።

«ጌታዬ» አለ፣ «እኔ የማውቀው ሁለት ረድፍ ብቻ ነው። እዚህ ውስጥ የማላውቃቸው ፊደሎች አሉ። ስጨርሳቸው ይምጡና እፈርማለሁ።»

ከዚያ በኋላ ማንም አልሳቀም። ጸሐፊው ሌሎችንም ጠየቀ። ሁሉም ላንብበው ይላል። ማንበብ የማይችለው እንኳ ላንብበው ይላል! ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ወረቀቱን አጥፎ ፈረሱ ላይ ወጣ። ሱቁ ሳይታሸግ ቀረ፤ የቀለሙ ሳጥን ግን ጆንያው ላይ ተረሳ።

«ቆዳ ያቀልሙበት» አልኳቸው። በእኔ ቤት ምንም ነገር አይባክንም።

«የእነሱ ነው፤ ይመለስላቸዋል» አሉና በጉርሜሳ እጅ ጎባ ላኩት።

ጉርሜሳ በማግስቱ ተመለሰ፤ ከፈረሱ ሳይወርድ ነው ያወራው። ዕቃውን ሲያስረክብ፣ ማስረከቢያው ላይ ተጫን ብለው ያንኑ ሳጥን ከፈቱለት።

«እና?» አሉት ኦቦ ወዚር።

«ብዕር ስጡኝ አልኳቸው። ዘጠኝ ሰዎች ተሰብስበው እያዩኝ ጻፍኩት። አላበኝ እኮ! ግን ጉርሜሳ ብዬ ጻፍኩት።»

ኦቦ ወዚር ወስፌውን መሬት ላይ አስቀመጡ። አውራ ጣታቸውን ዘርግተው አገላብጠው አዩት። ከዚያ ጫሊን ከእጄ ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡትና፣ ፊደል የተተኮሰበት፣ ገና ያልተሰፋ ኮርቻ ላይ ትንሿን ጣቱን ይዘው የመጀመሪያዋን ፊደል አስነኩት።