ከሶያማ ኋላ የቆሙት

ሶያማ ከቡርጂ ተነሥቶ ሰበታ ሲገባ የሃያ ሁለት ዓመት ቧንቧ ሠራተኛ ነበር። የሰፈሩን ቦኖ ውሃ መስመር የቀበረው እሱ ነው። የውሃ ኮሚቴውንም ሃያ ስድስት ዓመት መርቷል።

ያኔ ምርጫው ቀላል ነበር። እጩዎቹ ሜዳ ላይ ይቆማሉ፤ ሰው ከሚፈልገው ሰው ኋላ ይሰለፋል። ቀልዱ፣ መገፋፋቱ፣ «እዚህ ና፣ ከዳተኛ!» መባባሉ ራሱ በዓል ነበር። ብሔሩን የጠየቀው አልነበረም። ኦሮምኛው ስለሚፈስ ገሚሱ ጉጂ፣ ከደቡብ በመምጣቱ ገሚሱ ወላይታ ያደርገው ነበር። እሱም አላረማቸውም።

ባለፈው እሑድ ግን ኤርምያስ የሚባል ሰብሳቢ ከከተማው አስተዳደር መጥቶ ወረቀት ዘረጋ። ጠብ እንዳይነሣ ስድስቱ የኮሚቴ ወንበሮች በብሔር ተከፋፍለዋል፤ ሦስት ለኦሮሞ፣ ሁለት ለአማራ፣ አንድ ለጉራጌ።

«እኔስ?» አለ ሶያማ።

«አባባ፣ እርስዎ ከየትኛው ነዎት?»

«ቡርጂ ነኝ።»

ኤርምያስ ወረቀቱን ገለባበጠ። «እዚህ ሰፈር ስንት ናችሁ?»

«ሚስቴ ካረፈች ወዲህ፣ አንድ።»

ሰዉ ሳቀ። የኮሚቴው ጸሐፊ የነበረችው ሰብለወርቅ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«ለጉራጌው ወንበር ሰው አልተገኘም። በዚያ ተጻፍ፤ ማን ይጠይቅሃል?»

«በስተርጅና የእናቴን አገር ልሽጥ?»

«ሽጥ ማን አለህ? አከራይ እንጂ!»

ሳቁ አመለጠው። እሺ ሊልም ቃጥቶት ነበር፤ ያለ ወንበሩ ማን «ሶያማ፣ ምን ይሻላል?» ብሎ ይጠይቀዋል? ግን ተነሥቶ ወደ ሜዳው ወጣ።

«እንደ ድሯችን!» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «የሚፈልገኝ ከኋላዬ ይቁም።»

አዲሶቹ ተከራዮች ነገሩ አልገባቸውም። የድሮዎቹ ግን አንድ በአንድ ተነሡ። ጎረቤቱ ሮማነወርቅ ባዶ ጀሪካኗን እንደያዘች መጣች። መጨረሻ ላይ ኦቦ ሂርጳ ከዘራቸውን እየተመረኮዙ ተሰለፉ። እሳቸው ከሦስቱ የኦሮሞ ወንበሮች አንዱን አሁን የተረከቡ ናቸው።

«ኦቦ ሂርጳ፣ እርስዎ እኮ ገብተዋል፤ ይቀመጡ እንጂ» አለ ኤርምያስ።

«ዲሲ፣ ተወኝ! እዚያ ተመደብኩ። የምመርጠው እዚህ ነው።»

አሥራ አራት ሰው ሆኑ። ኤርምያስ እስኪቀመጡ ጠብቆ ጠብቆ ሰዓቱን አየ። ከስድስተኛው፣ ከጉራጌው ወንበር ፊት ለፊት «ክፍት» ብሎ ጻፈና ቃለ ጉባኤውን አስፈረመ። ሶያማም ከታዳሚዎቹ ተርታ ፈረመ።