የሰው አገር ፕሬዚዳንት

አሜሪካዊው መምህር ሐረር የመጣ ሰሞን የአገሩን ፕሬዚዳንት ይወድ ነበር። እኔ የጂኦግራፊ መምህርት በነበርኩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እሱ እንግሊዝኛ ያስተምራል፤ በመምህራን ክፍል ጠረጴዛችን አንድ ስለነበር ብዙ እናወራለን። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሰጠው ለእኚህ ሰው መሆኑን የነገረኝ ገና ሳይለምደን ነው። ለድሃው ትምህርት ቤት አስበዋል፣ ጥቁሩ እንደ ነጩ እንዲመርጥ ሕግ አውጥተዋል፣ ደግሞ የአሜሪካን ልጆች ሩቅ አገር ለጦርነት አልልክም ብለው ነበር አለኝ። ይህን ሲያወራ ፊቱ ይፈካል።

እሁድ እሁድ ምሳ እኛ ቤት ይበላል። አባቴ ኮርያ ዘምተው ከአሜሪካኖች ጎን የተዋጉ ጡረተኛ የመቶ አለቃ ነበሩ። ቆስለው ወድቀው አሜሪካኖች አንስተው ያተረፏቸው ስለሆነ፣ ስለዚያ አገር ክፉ መስማት አይወዱም። እሱን "ልጄ" ይሉታል፣ እሱም "አባባ" ይላቸዋል። ታናሽ ወንድሜም ያኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪው ስለነበር፣ ከምሳ በኋላ ሁለቱ በእንግሊዝኛ ሲከራከሩ ይመሻል።

በሁለተኛው ዓመት ሰውየው ተለወጠ። የቬትናም ጦርነት እየከፋ ሄዶ የእሱንም ታናሽ ወንድም ለውትድርና ወሰዱት። መምህሩ የሚኖረው የሐረርን አሮጌ ከተማ በከበበው ግንብ ውስጥ፣ ፈላና በር አጠገብ፣ "አው" እያልን በክብር የምንጠራቸው የሐረሪ ጨርቅ ነጋዴ ቤት ተከራይቶ ነው። ማታ ማታ ከእሳቸው ጋር መደብ ላይ ተቀምጦ ራዲዮ ይሰማል። ጠዋት ትምህርት ቤት ሲመጣ ዓይኑ ቀልቶ ነው። እኚያን የሚወዳቸውን ሰው "ዋሽቶናል" ማለት ጀመረ።

አንድ እሁድ በምሳ ላይ ለአባቴ፣ አገሩ ውስጥ ጠያቂዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ሕዝቡ በፕሬዚዳንቱ ሥራ ደስተኛ መሆን አለመሆኑን እንደሚጠይቁ፣ መልሱም በጋዜጣ እንደሚወጣ፣ የሚደግፋቸውም ሰው በየጊዜው እያነሰ መሄዱን አስረዳቸው። አባቴ የያዙትን ጉርሻ መልሰው አኖሩ።

"አልወድም ያለውን ሰው ምን ያደርጉታል?"

"ምንም አያደርጉትም፣ አባባ።"

"ስሙን አይጽፉም?"

"ስሙን አይፈልጉትም።"

ወንድሜ ሳቀ። አባቴ አልሳቁም። ጦር ሜዳ ላይ ወታደር እያለ መሪን ማማት ያንን ወታደር ከጀርባው መውጋት ነው አሉ። መምህሩ አንገቱን ደፍቶ፣ ወንድሙን ወደዚያ የላኩት እኚሁ መሪ እንጂ ሐሜተኛው እንዳልሆነ በቀስታ መለሰላቸው።

ከዚያ ነው ነገሩን ወደ ክፍል ያስገባው። ጥቁር ሰሌዳው ላይ "መሪ ቃሉን ሲያፈርስ ሕዝብ ምን ማድረግ አለበት?" ብሎ ጽፎ ተማሪዎቹን አከራከረ። ርዕሱ የራሱ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ልጆቹ ስለ ሰው አገር መሪ እንደ ልባቸው ተናገሩ፤ ገሚሱ ይውረዱ፣ ገሚሱ ጦርነቱን ይጨርሱ አለ። መጨረሻ ላይ ወንድሜ ተነሳ። "እኛንስ በራችንን አንኳኩተው የሚጠይቁን መቼ ነው?" አለ። የማንንም ስም አልጠራም፤ መጥራትም አላስፈለገውም። ደወል ተደወለ።

በዚያው ሳምንት ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ወንድሜን ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ላንድሮቨር ውስጥ አስገብተው ወሰዱት። ዳይሬክተሩ ከቢሮው መስኮት ሆኖ ያያል። ገብቼ ስጠይቀው አልካደኝም። ነገሩን ለበላይ ያሳወቀው ለወንድሜም ለትምህርት ቤቱም በማሰብ መሆኑን፣ ልጁ ትንሽ ቢመከር እንደሚሻለው ነገረኝ። ወንበር እንኳ ስቦልኝ ነበር። አልተቀመጥኩም።

መምህሩ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሮጠ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ አላቸው። ሻይ አዘዙለት። አማርኛውን አደነቁለት። እስከ በር ድረስም ሸኙት። በማግስቱ አባቴ የኮርያ ኒሻኖቻቸውን ደርድረው ሄዱ። ለእሳቸው ሻይ አልመጣም። ከጠዋት እስከ ማምሻ ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ ካስቀመጧቸው በኋላ፣ በዕድሜ ልጃቸው የሚሆን መኮንን ወጥቶ፣ "ልጅዎን ከፈረንጅ ጋር ያዋሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?" አላቸው። ቤት ሲገቡ ኒሻኖቹን አንድ በአንድ ፈተው አልጋቸው ላይ ጣሏቸውና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። ያን ቀን ያየሁትን የአባቴን ጀርባ እስከ ዛሬ ለማንም ይቅር አላልኩም።

ወንድሜ የት እንደታሰረ ሳናውቅ ጊዜው ነጎደ። አንድ ማለዳ መምህሩ እያለከለከ በራችንን አንኳኳ። አከራዩ አው በከዘራቸው እየተደገፉ ከኋላው ደረሱ። ፕሬዚዳንቱ ዳግመኛ ለምርጫ አልቀርብም ማለታቸውን በራዲዮ ሰምቶ ነው የመጣው። ዓይኑ እንባ ሞልቶ፣ "ሕዝቡ አሸነፈ!" አለኝ።

ሽማግሌው ግን ሰላምታቸውን እንኳ ሳይጨርሱ፣ "ልጁስ? ወሬ አለ?" ብለው ጠየቁ።

የለም አልኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ። "ወላሂ፣ ሹም ሲሻር አይቻለሁ፣ ሹም ሲታሰርም አይቻለሁ" አሉ። "ሰዉ ጠላኝ ብሎ በገዛ አፉ የሚሄድ ሹም ግን ዛሬ ሰማሁ። አላህ ልጃችሁን ያውጣላችሁ።"

ያኔ ገነፈልኩ። ለመምህሩ፣ "የአንተ ሕዝብ ደስ ይበለው" አልኩት። "አንተ መሪህን በሰው አገር ሰሌዳ ላይ ስታዋርድ ማንም አልነካህም። ወንድሜ ግን አንዲት ጥያቄ ጠየቀና ይኸው የለም። ትምህርቱ የአንተ፣ ጅራፉ የእሱ።"

ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ምን ላድርግ ብሎ ለመነኝ። ምንም እንዳያደርግ፣ ባደረገ ቁጥር በወንድሜ ላይ እንደሚብስበት ነገርኩት። አባቴ ከውስጥ ሰምተው ኖሮ፣ ደጃችን የመጣ እንግዳ አይሰደብም ብለው ገሠጹኝ። ድምፃቸው ግን አቅም አልነበረውም።

ወንድሜን የለቀቁት ክረምት ገብቶ ነው። ራሱን ተላጭቷል፣ ሸሚዙ ከላዩ ላይ ተንጠልጥሏል፣ አግዳሚ ላይ ሲቀመጥ ወደ ጎን ይዘማል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የመልቀቂያ ፈተና እንዳይወስድ፣ በማናቸውም የመንግሥት ትምህርት ቤት እንዳይመዘገብ ተከልክሏል። የክፍሉ አንደኛ ነበር።

መምህሩም የአገልግሎት ጊዜውን ጨርሶ ሊሄድ ነበር። በድሬዳዋ አውቶቡስ የሚሳፈር ቀን እኔ ቤት ቀረሁ። ወንድሜ ግን ተነስቶ ጫማውን ማሰር ጀመረ። ወዴት ነው ብዬ ጮህኩበት።

"ልሸኘው" አለኝ።

"እሱ እኮ አገሩ ገብቶ የፈለገውን ሲሰድብ ይኖራል።"

"ይስደብ እንጂ። እኔን ያስገረፈኝ እሱ መሰለሽ?" አለኝ። "ያስገረፈኝን በየማለዳው እጅ ነሥተሽው ነው ክፍል የምትገቢው።"

ወጥቶ ሄደ። በሩ ሲዘጋ ፊቴ ተቃጠለ፤ እውነቱን ነውና። ዳይሬክተሩን ወንድሜ ከተወሰደ በኋላም በየጠዋቱ "እንደምን አደሩ" እለው ነበር። እሱም ስለ ወንድሜ ጤና ይጠይቀኝ ነበር።

በመስከረም አንድ ትልቅ ሹም ከአዲስ አበባ ይመጣል ተባለ። ዳይሬክተሩ መምህራኑን ሰብስቦ፣ ተማሪዎቹን ባንዲራ አስይዘን መንገድ ዳር እንድናሰልፍ፣ እኛም ፊታችን ብሩህ እንዲሆን አዘዘ። እጄን አውጥቼ እንደማልሰለፍ ተናገርኩ። አሞሽ ይሆናል አለ፤ መውጫ ሲሰጠኝ ነው።

"አላመመኝም" አልኩት። "አልፈልግም።"

አጠገቤ የነበሩት መምህራን ወንበራቸውን ሸሸት አደረጉ። ወሩ ሳያልቅ ወደ ሶፊ፣ ገጠር ካለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተዛወርኩ።

ወንድሜ ጋራዥ ገብቶ የመኪና ሞተር ሠራተኛ ሆነ። የመምህሩ ወንድም አንድ እግሩን ቬትናም ትቶ መመለሱን አው ከመምህሩ ደብዳቤ ሰምተው ነገሩኝ። ጦርነቱም አልቆመም፤ ሌላ ፕሬዚዳንት ተተካና እሱም በተራው ልጆች ሲልክ ኖረ። ሕዝቡ አሸነፈ የተባለው ይኸው ነው።

በተዛወርኩበት ዓመት ጥቢ አባቴ ሊጠይቁኝ ሶፊ ድረስ በጫት ጭነት መኪና መጡ። ከክፍሌ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ልጆቹ ሲያነቡ ሲሰሙ ቆዩ። ኮርያ ሲልኳቸው ለሰው ልጅ ነፃነት ነው የምትሄዱት መባላቸውን አጫወቱኝ።

"እኛም አመንን" አሉ። "ማን ይጠይቃል?"

ውሃ ቀዳሁላቸው፤ ጠጥተው ጣሳውን መለሱልኝ። ልጆቹ እየጠበቁኝ ስለነበር ወደ ክፍል ገባሁ።