ከቆርቆሮው በር ጀርባ

ጣሊያን ለሥራ የሄደች ጓደኛዬ በአንድ ጥንታዊ ከተማ የሚከበር የቅዱስ በዓል ቀርጻ ላከችልኝ። ሰዎች የቅዱሱን ሐውልት ተሸክመው በጠባብ የድንጋይ መንገድ ይወርዳሉ፤ ደወሉ ያስተጋባል። ድምፁ ወደ ልጅነቴ፣ ካራ ሰፈር ወዳደግኩበት ግቢ መለሰኝ።

አባቴ ጴንጤ ሲሆን እናቴም ኦርቶዶክስነቷን ትታ ተከትላው ነበር። የሚካኤል ታቦት ከጥምቀተ ባሕር ሲመለስ ግን በቆርቆሮው በር ቀዳዳ ስታይ አገኘኋት። ከበሮው ደጃችን ሲደርስ አፏን በነጠላዋ አፍና እልል አለች። ዘወር ስትል አየችኝና ክው አለች።

«ለአባትሽ እንዳትነግሪ፤ ልቤስ አምኗል፣ ምላሴ ነው እምቢ ያለኝ።»

ያኔ አልገባኝም።

ጓደኛዬ የላከችው ቪዲዮ ሳያልቅ፣ ከቸርች የኳየር ልምምድ የተመለሰችው ልጄ በሩን ከፍታ ገባች። «እማዬ፣ ምን እያየሽ ነው?»

«ምንም» ብዬ ስልኩን ደፋሁት። ግራ እጄ ግን አፌን እንዳፈነ ነበር።