ቃርሚያ ሌብነት የሆነበት ዓመት

በታኅሣሥ መጨረሻ፣ ረቡዕ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሁለት ፖሊሶች ጅማ በቾ ቦሬ ካለው ቤቴ ወሰዱኝ። ስለ አንድ የቡና እርሻ የመሬት ውል ጽፌ ነበር። ምክንያቱን ስጠይቅ «እዚያ ይነገርሃል» አሉኝ። እዚያም አልተነገረኝም።

የፖሊስ ጣቢያው ክፍል አምስት እርምጃ በአራት ነው። አሥራ ስምንት ሰዎች ነበርን። በሩ ሥር የሽንት ጀሪካን ተቀምጧል። ግድግዳው እስከ ትከሻ ድረስ በሰው ጀርባ ጠቁሯል።

ቦታ የሰጡኝ ከሊሙ ገነት ወዲያ ካለ መንደር የመጡ ሽማግሌ ናቸው። የተቀመጡበትን ከረጢት ግማሹን ወደ እኔ ሳቡልኝ።

«ምን አድርገህ ነው?»

«ጋዜጠኛ ነኝ።»

«እኔ ደግሞ ቃርሚያ ለቅሜ።»

ቃርሚያን በዚያ አገር የማያውቅ የለም። ባለቤቱ ቡናውን ለቅሞ ሲጨርስ፣ ቅርንጫፍ ላይ የቀረውና መሬት የወደቀው የድሃ ነው። ፈቃድ አይጠየቅበትም። የሽማግሌው እናትም እዚያው እርሻ ላይ ቃርመዋል። አምና እርሻውን የያዘው ባለሀብት ግን አጥር አጠረ፣ ዘበኛ ቀጠረ። ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ገብተው ሁለት ጣሳ የማይሞላ ደረቅ ቡና ለቀሙ። ዘበኛው ያዛቸው።

ከሰዓት በኋላ የሽማግሌውን ጉዳይ የያዘው መርማሪ በበሩ ፍርግርግ አንድ ቅጽ አቀበለኝ።

«አንተ መጻፍ ታውቃለህ፣ ሙላላቸው። አሻራ ካደረጉ ዛሬውኑ በማስጠንቀቂያ ይሄዳሉ።»

ቅጹ በኦሮምኛ ነው። የመጨረሻው ጥያቄ ወደ ስርቆት የገፋፋው ምክንያት ምንድን ነው ይላል። ከሥሩ አራት ሳጥኖች አሉ፤ ድህነት፣ ሥራ ማጣት፣ መጥፎ ጓደኛ፣ ሱስ። ለሽማግሌው ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

«አባባ፣ ሱስ በሉ!» አለ ከጥግ አንድ የባጃጅ ሹፌር። «የቡና ሱስ! ጅማን በሙሉ ያስሩልናል።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ዝርዝሩን አውቀዋለሁ። ከመታሰሬ ጥቂት ወራት በፊት የቡና ስርቆት ለምን እንደበዛ ዘግቤ ነበር። ያነጋገርኩት የሶሲዮሎጂ መምህር እነዚያኑ አራቱን ዘረዘረልኝ። ቀጥሎ ግን «ትናንት መብት የነበረውን ዛሬ ወንጀል ያለው ማን እንደሆነም ጠይቅ» አለኝ። ቦታ አልበቃኝም ብዬ ያቺን ቆረጥኳት።

ይህን ለሽማግሌው ነገርኳቸው።

«ያኔ ቃርሚያ ለቃሚ አነጋገርክ?»

«አላነጋገርኩም።»

«ማንን ጠየቅህ ታዲያ?»

«የእርሻ ሥራ አስኪያጆችን።»

በአገጫቸው ወደ ቅጹ አመለከቱ።

«ጻፍ እንግዲህ። ሃቱ ሚቲ። ሌባ አይደለሁም።»

«ለእሱ ሳጥን የለውም።»

«ሳጥኑን ባዶ ተወው።»

«ካልፈረሙ እዚህ ያድራሉ፣ አባቴ።»

«ዋላሂ፣ እኔ እዚህ ላይ ጣቴን ካሳረፍኩ ነገ የመንደሩ ሴት ሁሉ ሌባ ናት። ቃርሚያ የሚወርዱት እነሱ ናቸው።»

ሳጥኖቹን ባዶ ተውኩ። ከሥራቸው «ሌባ አይደለሁም ብለዋል» ብዬ በእጄ ጻፍኩ።

መርማሪው የቀለሙን ፓድ ይዞ መጣ። ቅጹን አየና እኔን አየኝ። ከዚያ የሽማግሌውን እጅ ያዘ። እሳቸው አውራ ጣታቸውን በመዳፋቸው ውስጥ ጨብጠውታል።

«አባባ፣ ለራስዎ ብዬ ነው።»

«ለራሴ ከሆነ ተወው፣ ልጄ።»

ጣታቸውን ሊፈለቅቅ ሞከረ። የሰባ ዓመት ሰው ጣት ነው። ሹፌሩ ብድግ አለ። ከዚያ ሌሎቹም ተነሡ። መርማሪው እጃቸውን ለቀቀ።

የዚያን ቀን ጀሪካኑን እንድንደፋ አልተፈቀደልንም። ሽማግሌውን የወቀሰ የለም። ቦታ ሲጠብባቸው ሹፌሩ እግሩን ሰበሰበላቸው።

እኔ በዘጠነኛው ቀን ተለቀቅሁ። በመርማሪው ላይ የነበረኝ ንዴት አሁን በርዷል። ያቺን ዓረፍተ ነገር በቆረጠው ሰው ላይ ያለኝ ግን አልበረደም። ዛሬ ስለ ስርቆት ስዘግብ የመጀመሪያው ጥያቄዬ እሷ ናት።

በኋላ ሊሙ ገነት ሄጄ አጣርቻለሁ። ሽማግሌው በአሥራ አንደኛው ቀን ያለ ክስ ተለቀዋል። በኤግዚቢትነት የተያዘችው ቡና አልተመለሰችላቸውም።