የሳፋው ቆጠራ

አይሊ ካንጋስ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሐይቁ ዳር ከተማ፣ በብረታ ብረት ሱቅ ውስጥ ጠመንጃ ስትሸጥ ኖራለች። ሚስማርም ሰንሰለትም ትሸጣለች፤ ሰው የሚያውቃት ግን በጠመንጃው ነው። ገዢውን ከእግር እስከ ራሱ ታየዋለች፣ የክንዱን ርዝመት በዓይኗ ትለካለች፣ ከዚያ "ያንተ ይኼ ነው" ትላለች። የተከራከራት ሁሉ በዓመቱ ሊቀይር ይመለሳል። እናቱን ሳያማክር ሚስት ያገባ ወንድ እንኳ ጠመንጃ ሲገዛ አይሊን ያማክራል።

ሌላው ዝናዋ ቆጠራ ነው። አማቷ ከግንድ የሠሩት የአደን ቤት ጫካው ውስጥ አለ፤ በረንዳው ላይ ደግሞ ጠርዙ የተላላጠ ነጭ የብረት ሳፋ ተቀምጧል። በዚያ አገር የሚወደደው ጠመንጃ ከምላጩ ሥር የብረት እጀታ ያለው ነው፤ እጀታውን ወደ ታች ገፍተው ሲመልሱት አንድ ጥይት ይጎርሳል፣ ያልተተኮሰውን ይተፋል። ጥይቶቹ ከአፈሙዙ በታች ባለ ቱቦ ውስጥ ተሰልፈው ስለሚተኙ ዓይን አያያቸውም። ስለዚህ ከጫካ የተመለሰ አዳኝ በረንዳው ላይ ቆሞ አንድ በአንድ ሳፋው ላይ ይተፋቸዋል። አንዳንዱ ነጥሮ በረዶ ውስጥ ስለሚጠፋ ሳፋውን ማየት አይበቃም፤ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ድምፁን እየሰማ ይቆጥራል። ስድስት የጎረሰ ስድስት ጊዜ መጮህ አለበት። ቁጥሩ ከውስጥ ሳይጠራ ማንም ጠመንጃ ይዞ አይገባም። የሚቆጥረው ምንጊዜም አይሊ ናት፤ ጆሮዋ ተሳስቶ አያውቅም ይባላል።

አንድ ጊዜ ግን የጠራችው ቁጥር ተሳስቷል። እሷ ብቻ ታውቀዋለች።

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ባሏ ኡርሆ በረንዳው ላይ ሲተፋ፣ እሷ ሥጋና ድንች የተሞላውን ሊጥ ከምድጃ እያወጣች ነበር። ትሪው እጇን ፈጀው። አምስት ሰማች። ስድስተኛው እኔ ስጮህ አምልጦኝ ነው አለችና "ስድስት!" ብላ ተጣራች። ኡርሆም ጣቱ ደንዝዞ ነበርና ሚስቱን አምኖ ገባ፤ ጠመንጃውን ምድጃው አጠገብ አስደገፈ። ብርድ ቱቦው ውስጥ አጣብቆት የነበረው ስድስተኛው ጥይት ሙቀት ሲያገኝ ተንሸራቶ ወረደ። ከእራት በኋላ ኡርሆ ሊወለውለው አነሣው፣ እጀታውን ገፍቶ መለሰ፤ የተወጠረችውን የጥይት መምቻ በአውራ ጣቱ ቀስ አድርጎ ሊያወርድ ሲል አመለጠችው፤ ጥይቱም እሱኑ ገደለው።

ሰው ሁሉ ኡርሆ ግድየለሽ ነበር አለ። ፖሊሱም እንዲያው ጻፈ። አይሊ አፏን አልከፈተችም። ጠመንጃውን ሲመልሱላት የሐይቁን በረዶ በስታ ከተተችው፤ ከዚያ ወዲህ የዚያን ሐይቅ ዓሣ በልታ አታውቅም። ልጃቸው ኢርማ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አድጋም አባቷን ይቅር አላለችውም፤ በግድየለሽነቱ ጥሎን ሄደ ትላለች። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የአይሊ ዝምታ ግን ከውስጥ ነቅዞ አልቆ ነበር።

ኡርሆ በሞተ በሃያ ሁለተኛው ዓመት የኢርማ ባል ዱዌን ከደቡብ ከተማ መጥቶ ሱቋ ገባ። መኪና ፋብሪካ የሚሠራ ባለሙያ ነው፤ ሳቂታ፣ እጁ ሥራ የማይፈታ። እሑድ እሑድ ቆርቆሮ ዒላማ ለመተኮሻም ለኅዳር አጋዘንም የሚሆን አንድ ባለ እጀታ ጠመንጃ ይምረጡልኝ አላት። አይሊ ሦስት ደረደረችለት። የመጀመሪያው ጥይቱ ትንሽና ርካሽ ነው፤ ቆርቆሮ ሲደበድቡበት ቢውሉ አይቆጭም፣ ለአጋዘን ግን አይሆንም። ሁለተኛው አዲስ ነው፤ ለጫካ ልክ የሆነ፣ አጋዘን የሚጥል፣ ቱቦው ከፊት ተስቦ የሚወጣና ጥይቱ አንዱም ሳይጎርስ ወደ መዳፍ የሚፈስ። ሦስተኛው አሮጌ ነው፤ በጎኑ የሚጎርስ፣ እንጨቱ በሰው እጅ የጠቆረ፣ የኡርሆ ዓይነት።

ዱዌን ሦስተኛውን ትከሻው ላይ አሳርፎ አልለቅም አለ።

"ሁለተኛውን ውሰድ" አለችው።

"እሱ የመደብር ዕቃ ነው እማማ። ይኼኛው ታሪክ አለው። ለምን ጠሉት?"

ልትነግረው አፏን ከፈተች። ግን "ባዶ ማድረጉ ያስቸግራል" አለችው ብቻ። ቀጥላም ቱቦውን በቀጭን ዘይት እንጂ በሌላ እንዳይነካው፣ ብርዱ ግራሶ እንደሚያጠጥር ነገረችው። አማች ለአማት እንደሚነቀንቀው ራሱን ነቀነቀ። የማሽን ሰው ግን ሲወድ ግራሶ ይቀባል፤ ዱዌን ያንን ጠመንጃ ወዶት ነበር።

አደኑ በተከፈተ በሁለተኛው ቀን ብርዱ ምራቅ የሚያደርቅ ሆነ። ዱዌን ካጎረሰው ስድስት አንድም ሳይተኩስ አመሻሹ ላይ ወደ አደን ቤቱ ተመለሰ። አይሊ ገና የበረንዳው ጣውላ ሲንቋቋ የያዘችውን ሁሉ አስቀምጣ በሩ ሥር ቆመች። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። አምስት። ጠበቀች። እጀታው ባዶውን ተንቀጫቀጨ።

"አምስት" አለች።

"ስድስት ነው እማማ፣ አንዷ በረዶ ውስጥ ዘላ ነው" አለ ዱዌን፤ በሩንም ገፍቶ ገባ። የአገሩ ልጅ ቢሆን አይገባም ነበር። ጠመንጃውን ምድጃው አጠገብ አስደግፎ ጓንቱን ማውለቅ ጀመረ። አይሊ ተጠጋችው። ወደ ውጭ መልሰው አለችው። ኢርማ ከጠረጴዛው ሳትነሣ፣ "ተይው እማዬ፣ በርዶታል። አንቺም እኮ ስልሳን አልፈሻል፣ አንዳንዴ ባትሰሚስ?" አለቻት።

አይሊ ጠመንጃውን ልትይዝ እጇን ስትዘረጋ ዱዌን እየሳቀ ቀድሟት አነሣው። "ባዶ መሆኑን ላሳይዎት" አለና እጀታውን ጨበጠ። አፈሙዙ ወደ ጠረጴዛው፣ ወደ ኢርማ ዞሮ ነበር።

"አባትሽ የሞተ ዕለት አምስት ነበር የሰማሁት" አለች አይሊ። ድምፁ የእሷ አይመስልም ነበር። "ስድስት ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ አይደለም ግድየለሹ። እኔ ስድስት ባልለው ኖሮ አይገባም ነበር።"

የዱዌን እጅ ከእጀታው ላይ ወረደ። አፈሙዙን መሬት መሬት እያሳየ ወጣ። አይሊም ተከተለችው። ወደ በረዶው አነጣጥሮ እጀታውን ገፋ፤ ምንም የለም። ደገመው፤ ምንም የለም። ዘወር ብሎ አያት፤ ዓይኑ ውስጥ ያለው ኀዘኔታ ነበር፣ ለጃጀች አሮጊት የሚታዘንላት ዓይነት። አይሊ ሃያ ሁለት ዓመት የቆለፈችውን በከንቱ የከፈተችው መሰላት፤ መሬት ብትውጣት ወደደች። ግን ባዶ መዳፏን ቱቦው ላይ ጠቀለለች። ብረቱ ቆዳዋን ያዘው። አልለቀቀችም።

ከቱቦው ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ።

"አሁን" አለችው።

ዱዌን እጀታውን አንዴ ገፍቶ መለሰ፣ ደገመውም፤ ስድስተኛው ጥይት ሳፋው ላይ ጮኸ። በግራሶ ተለውሶ ነበር። ዱዌን በረንዳው ላይ ቁጭ አለ።

ኢርማ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም አይታለች። ሳፋውን አነሣች፣ ስድስቱንም በጣቷ እየነካች ቆጠረች።

"ባሌን አተረፍሽልኝ" አለች ለእናቷ፣ ዓይኗን ከሳፋው ሳታነሣ። "አባቴን ግን ሃያ ሁለት ዓመት አስረገምሽኝ።"

አይሊ ብረቱ የላጠውን መዳፏን በሽርጧ ጠቀለለች። የመዳፏ ቁስል በወሩ ዳነ። በሚቀጥለው ዓመት አደን ሲከፈት ኢርማ ለባሏ ያንን ቱቦው የሚወጣውን ሁለተኛውን ጠመንጃ ከእናቷ ሱቅ ገዛችለት፤ በሩ ሥር ቆማ የምትቆጥረውም ከዚያ ወዲህ እሷ ናት። አይሊ ምድጃው ዳር ትቀመጣለች። ጆሮዋ እስከ ዛሬ ይሰማል፤ በልቧም አብራ ትቆጥራለች። ቁጥሩን የሚጠይቃት ግን የለም።