የባላባቱ ቤት መጥረጊያ

ጅቡቲ ውስጥ የስደተኛ አፈሳው በበረታበት ሳምንት ማዳም ሙዚየም እንሂድ ብላ ተነሣች። እኔን ለማስተማር እንዳይመስላችሁ፤ የአራት ዓመት ልጇ ስትደክም አዝሎ የሚዞር ሰው ያስፈልጋታል። እኔ ደግሞ በዚያ ሳምንት ቆሻሻ ለመጣል እንኳ ከበር መውጣት እፈራ ነበር። የመኖሪያ ወረቀት አልነበረኝም። ሃያብለ ሰፈር የምትኖር አንዲት ያገሬ ልጅ ሽንኩርት ልትገዛ እንደወጣች ተይዛ፣ ከከተማው መውጫ፣ ፔካ 12 ላይ፣ በጭነት መኪና ተጭና ወደ ድንበር መወሰዷን የሰማሁት በዋዜማው ነው። በእግሯ የነበረው የቤት ነጠላ ጫማ ነበር አሉ።

"ማዳም፣ እኔ ቤት ልቅር" አልኳት። ማዳም ድሬዳዋ ያደገች የጅቡቲ ሰው ናት፤ አማርኛዋ ከእኔ አያንስም።

"ከእኔ ጋር ሆነሽ ማን ይነካሻል?" አለችና የመኪናውን ቁልፍ አነሣች።

ሙዚየም የተባለው ባሕሩ አጠገብ ያለ ኖራ የተቀባ ትልቅ ቤት ነው። ድሮ የአንድ ባላባት መኖሪያ ነበር፤ አሁን የአካባቢውን ታሪክ ያሳዩበታል። በሩ ላይ ኮፍያ ያደረገ ዘበኛ ሳይ ላብ አጠመቀኝ። እሱ ግን ማዳምን በፈረንሳይኛ ሰላም ብሎ፣ እኔን እንደ ቦርሳዋ ቆጥሮ አሳለፈን። ውስጡ ጎራዴ፣ የግመል ኮርቻና ያረጀ ፎቶግራፍ ሞልቶበታል። ማዳም በየመስታወቱ ፊት እየቆመች ታነባለች። እኔ የማየው በር ብቻ ነው፤ የትኛው ወደ ጓሮ ያወጣል፣ የትኛው ተቆልፏል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ?

ልጅቷ የብር አምባሮቹ ጋ ከእናቷ ጋር ስትቀር፣ እኔ ትንፋሼን ልሰብስብ ብዬ ከኋላ በኩል ወዳለች አንዲት ክፍል ገባሁ። የሠራተኞች ክፍል እንደነበረች ለማወቅ ፈረንሳይኛ ማንበብ አላስፈለገኝም። ሰሌን፣ እንስራ፣ ወፍጮ፣ ግድግዳው ላይ የተደገፈ የዘንባባ መጥረጊያ። መስኮት የላትም። የሚያናድደው፣ እኔ ከምተኛባት ክፍል ትሰፋለች።

የከባድ ጫማ ድምፅ የሰማሁት ያኔ ነው። አጮልቄ ሳይ ዣንዳርም የሚባሉት መሣሪያ የታጠቁ ፖሊሶች በዋናው በር እየገቡ ነው። በኋላ እንደገባኝ አንድ የውጭ እንግዳ አጅበው ነው የመጡት። ያን ጊዜ ግን እኔን ፍለጋ የመጡ ነው የመሰለኝ። ወደ ጓሮ የሚያወጣው በር ከእነሱ ማዶ ነው። ከእንስራው ኋላ ድመት እንኳ አትደበቅም።

እጄ ነው ያሰበልኝ። ጎብኚ ዕቃውን እንዳይነካ የተዘረጋውን ገመድ ተሻግሬ መጥረጊያውን አነሣሁና ወለሉን መጥረግ ጀመርኩ። በሰው ቤት ስኖር የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ የምትጠርግ ሴት እንደማትታይ ነው። ምስጢር እየተወራ፣ አንዱም ድምፁን ሳይቀንስ፣ ስንቱን ሳሎን ጠርጌያለሁ። ሻሼን ወደ ግንባሬ ስቤ፣ አጎንብሼ ጠረግሁ። አንደኛው ዣንዳርም ገባ። ጫማው ፊት ለፊቴ መጥቶ ቆመ። ከዚያ ከሥሩ እንድጠርግ አንድ እግሩን አነሣ። ጠረግሁለት። ሌላውንም አነሣ።

ተረፍኩ ስል የሙዚየሙ ኃላፊ እንግዳውን እየመራ ገባ፤ ማዳምም የልጇን እጅ ይዛ ተከትላለች። ኃላፊው የያዝኩትን ሲያይ ጮኸ። ለካ መጥረጊያውም ታሪክ ኖሯል! ከእንስራው ጋር እንዲታይ የተቀመጠ የባላባቱ ዘመን ዕቃ ነው። ዘንባባው ረግፎ ወለሉ ላይ ተበትኗል፤ ቆሻሻውን ያመጣሁት እኔው ራሴ ነኝ።

"ይቺን ማን አመጣት?" አለ በፈረንሳይኛ፤ ይህን ያህልስ እሰማለሁ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። እኔ ማዳምን አየሁ። ማዳም ዣንዳርሙን አየች።

"አላውቃትም" አለች። "የጽዳት ሠራተኛ ትሆናለች።"

ኃላፊው መጥረጊያውን ነጠቀኝና በጓሮው በር እንድወጣ በጣቱ አመለከተኝ። ዣንዳርሙም መንገድ ለቀቀልኝ። በሩ ክፍት ነው፤ ከውጭ የሚገባው ብርሃን ይታየኛል። ማዳም እንዲያ ማለቷ እንደ ጩቤ ቢወጋኝም፣ የሚያወጣኝ እሱ ነው ብዬ እግሬን አነሣሁ።

"እቴ!"

ልጅቷ እጇን ከእናቷ እጅ መንጭቃ ሮጣ መጥታ እግሬን አቀፈችው። "እቴ፣ ትተሽኝ ልትሄጂ ነው?" አለችኝ እያለቀሰች፤ እኔው ባስተማርኳት አማርኛ።

ገፋ አድርጌያት ብሄድ ማንም አይከተለኝም ነበር። ይህን ያኔም አውቄዋለሁ። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ግን አነሣኋትና አቀፍኳት።

ዣንዳርሙ እኔን አየ፤ ማዳምን አየ፤ አንገቴ ሥር የተወሸቀችውን ልጅ አየ። አሁን ወረቀትሽን ይለኛል ብዬ ልጅቷን አጥብቄ ያዝኳት።

"ልጅ አይዋሽም" አለ፤ ድንበር ላይ በሚለመድ ዓይነት አማርኛ። ይህን ሲል የሚያየው ማዳምን ነበር። "ይዘሻት ውጪ፣ እህቴ።"

መኪና ውስጥ ልጅቷ ጭኔ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ወደቡን ካለፍን በኋላ ማዳም ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ፣ "ፈርቼ ነው" አለች። "ወረቀት የሌላት ሠራተኛ መያዝ ምን እንደሚያስከትል ታውቂያለሽ።"

"እኔም ፈርቻለሁ፣ ማዳም" አልኳት። "ልጅዎን ግን አላውቃትም አላልኩም።"