ጅራቱ ወደ ላይ ነበር

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ በረከት ቤቴ መጥቶ ስልኩን ዓይኔ ሥር ደቀነው። "አክስቴ፣ ጅራታም ኮከብ ወጥቷል! ማታ ማታ በምዕራብ በኩል ይታያል፤ ነይ አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ዳር ሄደን እንየው" አለኝ። ጉልበቴን አሞኛል አልኩት። ውሸቴን ነው። ያመመኝ ሌላ ነው።

በልጅነቴ ቤታችን ከቴፒ ወጣ ብሎ፣ በቡናው ጥላ ዛፎች ሥር ነበር። እዚያ የኖረ ያውቀዋል፤ ሰማይ ማለት በቅጠል መሀል የምትታይ ቁራጭ ብርሃን ናት። ታላቅ ወንድሜ ማቲዎስ ግን ከዚያ ጫካ በቅሎ በሰማይ ነገር ያበደ ልጅ ሆነ። ጅማ ይማር ነበርና ለዕረፍት ሲመጣ ወሬው ሁሉ ኮከብ ነው። "ኮከብም ይሞታል እኮ! ሲሞት ይፈነዳና ለጥቂት ሳምንት ከሁሉም በልጦ ያበራል" ይለኛል። እኔም "ሥራ ፈት! ይልቅ ጎደሬውን ላጥልኝ" እለዋለሁ። እሱም እየሳቀ ይልጥልኛል።

ከዚያ ኩላሊቱን ታመመ። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አድርገው "ከእንግዲህ ከቤተሰቡ ጋር ይሁን" ብለው መለሱልን። ምን ማለታቸው እንደሆነ እሱም ገብቶታል።

አንድ ቀን ሬዲዮው ጅራታም ኮከብ ለጥቂት ቀናት፣ ፀሐይ እንደጠለቀች፣ ከምዕራብ ዝቅ ብሎ እንደሚታይ ተናገረ። ከዚያ ወዲያ ማቲዎስ እህል ጠላ። እናቴ ከቡና ቅጠል ያፈላችለትን ጨሞ እንኳ አልቀምስ አለ። "አውጡኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ልየው። ሌላ ምንም አልለምናችሁም" ይላል። ምን ያደርጋል፣ በየምሽቱ ደመና ነው። በመጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ ጠራ። ቡናው አብቦ ነበር፤ ሽታው መንደሩን ሞልቶታል። የዚያን አበባ ሽታ ዛሬም አልወደውም።

ሰማይ ከዳር እስከ ዳር የሚታየው የአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ላይ ብቻ ነው፤ ያኔ ሣር ነበር፣ ከብት ይግጥበታል። እዚያ ለማድረስ ቃሬዛ፣ ለቃሬዛው ደግሞ ሰው ያስፈልጋል። አባባ አፈረ። "ልጄ ኮከብ ሊያይ ነው ብዬ ጎረቤት ልጥራ? አበደ አይሉኝም?" አለ። "ሜዳው ድረስ አድርሱልኝ" ብቻ ብሎ ጋሽ ታደሰ የሚባሉትን ጎረቤታችንን ከሌሎች ሦስት ሰዎች ጋር ጠራ። ማቲዎስን ብርድ እንዳይመታው ፊቱን በጋቢ ሸፈንነው፤ ራሱ ሊገልጠውም ሆነ ሊጮህ አቅም አልነበረውም፤ እኔ ከኋላ ተከተልኩ።

በእኛ አገር ቃሬዛ ያገኘ ሰው ዝም ብሎ አያልፍም። ማነው፣ ምን ሆነ ሳይል ትከሻውን ይሰጣል። መንገድ ላይ ከቡና እርሻው አረም ሲያርሙ ውለው የሚመለሱ ጎረምሶች አገኙን። "አምጡ፣ አምጡ!" ብለው ከነጋሽ ታደሰ ትከሻ ተቀበሉና መሮጥ ጀመሩ። ሲመሽ በቃሬዛ የሚሄድ ሰው ወዴት ይሄዳል? ወደ ጤና ጣቢያ ነዋ! አባባና ጋሽ ታደሰ ወደ ኋላ ቀሩ።

ሜዳው ደረስን። "ቁሙ! እዚህ ነው፣ አውርዱት!" ብዬ ጮህኩ።

"አይዞሽ እህቴ፣ እናደርሰዋለን!" አለኝ አንዱ፣ ሩጫውን ሳያቋርጥ።

በጮህኩ ቁጥር የባሰ ሮጡ። ነፍሱ ልትወጣ ነው ብዬ የምጮህ መስሏቸዋል። የአንዱን ሸሚዝ ይዤ ጎተትኩት፤ አስለቅቆኝ ሄደ። ቀና ስል ኮከቡን አየሁት። ከሜዳው ማዶ፣ ከዛፎቹ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ነጭ ሆኖ ቆሟል። ጌታ ሆይ፣ ንፋስ ላክና ጋቢውን ግለጥለት አልኩ። ቅጠል እንኳ አልተነቃነቀም።

ጤና ጣቢያው በር ላይ አወረዱት። ጋቢውን ገልጬ ወደ ምዕራብ ዞርኩ፤ ዛፍ ብቻ ነው። እያለቀስኩ ነገርኳቸው። ያ አይዞሽ ያለኝ ጎረምሳ መሬት ላይ ዘፍ አለ።

"ምነው ብትነግሩን!" አለ ጭንቅላቱን ይዞ። "እኛስ ኮከብ ማየት እንጠላለን? ቆመን እናሳየው ነበር እኮ!"

ራሳቸው ተሸክመው፣ በቀስታ፣ መለሱት። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ማንም ሳይነግራቸው ቆሙ። ጠልቋል።

ቤት ስንገባ ማቲዎስ እጄን ያዘ። "አንቺ አየሽው?"

"አየሁት።"

"ጅራቱ ወዴት ነበር?"

"ወደ ላይ። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ።"

ፊቱ ፈታ አለ። "እንግዲያው እውነትሽን ነው" አለ። "ጅራቱ ሁልጊዜ ከፀሐይ ይሸሻል። ፀሐይ ከታች ናት፣ እሱ ወደ ላይ።" ከዚያ ደግሞ ንገሪኝ፣ ደግሞ ንገሪኝ እያለ እንቅልፍ ወሰደው። በማግስቱ ደመና ሆነ። ደመናው ሳይገፈፍ ቀበርነው።

ትናንት ማታ ለበረከት እሺ አልኩትና ሜዳው ዳር ሄድን። ዝቅ ብሎ፣ ነጭ ሆኖ ቆሟል። እስኪጠልቅ ድረስ ከቆምኩበት ንቅንቅ አላልኩም። "አክስቴ፣ በቃ ገባ፤ ብርድ ይመታሻል" አለኝ ልጁ። የሚያጣድፈን ማንም አልነበረም። ጅራቱ እንደ ያኔው ወደ ላይ ነበር። ለማን ልንገር?